የሦስት ሺህ ዓመቷ ትል

(ከስብሰባ አዳራሽ በስተጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። ዶክተሩ ሁለቱም ጫፉ የተከደነ ረጅም የመስታወት ቱቦ ጠረጴዛ ላይ አቁሟል። ውስጡ ትልቁ ወንዝ ከሚገባበት ባሕር፣ ከወለሉ የወጣ ጭቃ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግኝቱን ያቀርባል፤ ከተወደደለት የክፍል ኃላፊ ይሆናል። ጭቃውን ያወጡት አዛውንቱ ጀልባ ነጂ አጠገቡ ናቸው። መቼም እንደ ዶክተራችን ያለ አዋቂ አያድርስ ነው!)

ጀልባ ነጂ፦ ኧረ ዶክተር፣ አሸዋ ይከብዳል። ቀድሞ የሚሰምጠው እሱ ነው ስልዎት!

ዶክተር፦ ጋሼ፣ ባሕር የእርስዎ ባልዲ መሰለዎት? እኔ እኮ የተማርኩ ሰው ነኝ!

ጀልባ ነጂ፦ እሺ፣ ያስረዱኛ።

ዶክተር፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ወንዙ ሲሞላ አሸዋውንም ጭቃውንም ጠራርጎ ይመጣል። ባሕሩ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳውና የያዘውን ይጥላል። በየጎርፉ አንድ ንጣፍ፣ በላዩ ሌላ ንጣፍ።

ጀልባ ነጂ፦ እስከዚህ ተግባብተናል።

ዶክተር፦ የተማርነው በየንጣፉ አሸዋው ከታች፣ ለስላሳው ጭቃ ከላይ ይሆናል ተብለን ነው። የኔው ግን ተቃራኒ! ዓለምን ጉድ አሰኛለሁ!

ጀልባ ነጂ፦ እሱስ ጉድ ነው። ከላይ ያለው ጠጥሮ፣ ታችኛው ለምን ሾርባ መሰለ?

ዶክተር፦ ዕድሜ ነዋ! የሦስት ሺህ ዓመት ጭቃ ነው። ሲያረጅ ይላላል፣ እንደ ሰው ጉልበት።

ጀልባ ነጂ፦ (ጎንበስ ብለው) ታዲያ እዚህ ታች ትል ትንቀሳቀሳለች። እሷም ሦስት ሺህ ሞላት?

ዶክተር፦ (ዓይኑን ቱቦው ላይ ለጥፎ አይቶ) ጤነኛ ነች።

ጀልባ ነጂ፦ ዕድሜዋን ያርዝመው! ዶክተር፣ ቀዩን ፕላስተር የለጠፍኩት እኮ በላይኛው ጫፍ ነው። እርስዎ ታች አድርገውታል።

ዶክተር፦ ቀይ ማለት መጨረሻ መስሎኝ!

ጀልባ ነጂ፦ እኔን አይጠይቁም?

ዶክተር፦ እንዴት ጀልባ ነጂ እጠይቃለሁ ብዬ! አይ የኔ ነገር! አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ ባሕርን በአፍጢሙ ደፍቼ ሳጠና!

ጀልባ ነጂ፦ ግድ የለም፣ ገና አልገቡም። ያየው ሰው አለ?

ዶክተር፦ ፎቶውን ለድሮ መምህሬ ልኬላቸው ነበር።

ጀልባ ነጂ፦ ምን አሉ?

ዶክተር፦ «ልጄ፣ እስቲ ገልብጠህ እየው» አሉኝ።

ጀልባ ነጂ፦ እርስዎስ?

ዶክተር፦ የቀኑብኝ መስሎኝ፣ «እርጅና ነው፤ አርፈው ይቀመጡ» ብዬ መለስኩላቸው።

ጀልባ ነጂ፦ በስመ አብ! አሁን የት ናቸው?

ዶክተር፦ (በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ) አርፈው ተቀምጠዋል፣ ፊተኛው ወንበር ላይ። ኃላፊውን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።