የመምህር ታደለ ባለሰማያዊ ፀጉር ልጅ

ፂም ያወጣ ሰው አሻንጉሊት ሲቀባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ መምህር ታደለ ነው። «አሻንጉሊት» ካላችሁት ግን ያኮርፋል። አኒሜ ከሚሉት የጃፓን ካርቱን ፊልም የወጣች ባለሰማያዊ ፀጉር ጀግና ናት፤ ሬዚን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርታ፣ እጅና እግሯ ተለያይቶ በካርቶን መጣችለት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በማጣበቂያ ገጣጥሞ፣ ሦስት ወር ሙሉ ቀባት። ይህን ያህል ጊዜ ሚስት ቢፈልግበት ኖሮ እስካሁን በተዳረ ነበር!

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እኔ አጉሊ መነጽር ይዤለት፣ እሱ ግራ ዓይኗን ሲኩል፣ እናቱ ሳይታሰቡ ከብርዳሙ ደጋ ከገረሴ ከተፍ አሉ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። ታደለ ደንግጦ ልጅቷን ከጀርባው ደበቃት።

«እማዬ ጣዖት ነው ብላ ኩልፎ ወንዝ ትጥልብኛለች» ሲል አንሾካሾከልኝ።

«ምንድን ነው የደበቅከው?» አሉት።

ከጀርባው አወጣት። የዓይኗ ቀለም ሳይደርቅ ጉንጯ ላይ ፈሷል። እናቱ ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። እኔማ በልቤ ለቅሶ ተቀምጫለሁ።

«በእጅህ ነው የሠራሃት?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ዓይኗን አስተካክልላት፤ እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትቀርብም» አሉና መለሱለት። ቀጥለውም አጭር ቀሚሷን በጣታቸው ነካ አድርገው እንዲህ አሉት፦ «ደግሞ ገረሴ ይዘሃት እንዳትመጣ፤ ብርድ ይገድላታል!»