ክቡር ነገ እና የአባቴ ሬዲዮ

በዓለም ላይ እንደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ተስፋ የሚሰጥ ሰው የለም። ሐኪም እንኳ አንዳንዴ «አይሆንም» ይላል። ጠጋኝ አይልም። ዕቃህ ተቃጥሎ ቢሸት ወይም ጎርፍ ውስጥ ከርሞ ቢመጣ ክዳኑን ይከፍታል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ «ቀላል ነች» ይላል። ያኔ ዕቃህን ተሰናበተው።

የሰፈራችንን ጠጋኝ «ክቡር ነገ» እንላቸዋለን። ሹመቱን የሰጣቸው ሕዝብ ነው። ክቡርነታቸው ሆዳቸው በተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች መሃል ተቀምጠው፣ ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ሁሉንም «ነገ ይደርሳል» እያሉ ይሸኛሉ። ስትደውልላቸው «መንገድ ላይ ነኝ» ይሉሃል፤ አንተ በመስኮቱ እያየሃቸው።

ጎረቤታችን ነርሷ ካውያዋን ልትወስድ ብትሄድ ግማሹ የለም። «ጠፍቶ አይደለም እህቴ» አሏት፤ «ሌላ ሰው ቤት ገብቶ እየሠራ ነው።» ልብስ ሰፊው ማራገቢያውን ተረከበ። ይሽከረከራል፤ ንፋስ ግን የለውም። «ድምፁን ሰማኸው? እንደ አዲስ!» አሉት።

የአባቴ ሬዲዮ እኚህ ሰው እጅ ወደቀ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በየጠዋቱ ጢሙን ይላጫል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ሬዲዮውን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ለምሳ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ምን አሉህ?»

«ነገ።»

ሽማግሌ እንዲህ ሲመላለስ ማየት አንገበገበኝ። አንድ ቀን ተከትዬው ሄድኩ። ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሽቦ ይዞላቸዋል።

«አባባ፣ አይንቀጥቀጡብኝ እንጂ!»

«አንተ ነህ የምትንቀጠቀጠው! በዚህ እጅህ መሪ ብትይዝ ስንቱን ገደል ትከተው ነበር!»

አባቴ እየሳቀ ነበር። አይቼዋለሁ። ግን ንዴት ዓይን እያየ ልብ ያሳውራል።

«ዕቃችንን ይስጡን» አልኩ።

«ነገ...»

«አሁን!»

ክቡርነታቸው ሬዲዮውን ከነብሎኑ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። አባቴ የያዘውን ሽቦ አስቀምጦ ተከተለኝ።

መስታወቱ የሚያብለጨልጭ፣ ተራ ቁጥር የሚሰጥ የጥገና ድርጅት ወሰድኩት። በዕለቱ ሠርተው አስረከቡኝ። አባቴ ከፈተው፣ ትንሽ አዳመጠ፣ «ጎበዞች ናቸው» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ወዴት ነው?»

«የትም።»

«ሄደህ ሰላም በላቸው እንጂ።»

«ምን ብዬ? ሰው ያለ ጉዳይ ሱቅ አይገባም።»

እያደር ኮቱን ተወው። ከዚያ መላጨቱን ተወ። እግር የማይመላለስበትን መንገድ ይረሳል፤ ነገሩ ሲገባኝና «ና እኔ ልውሰድህ» ስለው፣ ጉልበቱ ከበሩ አላሳልፍ ብሎት ነበር። ሬዲዮውን አስጠግኜ አባቴን ቤት ዘጋሁበት። ይህን የሚጠግን ድርጅት ፈልጌ አጣሁ።

አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ለማንም ቤት ድረስ ሄደው የማያውቁት ሰውዬ።

«አባባ ጠፉብኝ» አሉ። እኔን ሳያዩ ወደ አልጋው አለፉ። «ሬዲዮዋ እንዴት ሆነች?»

አባቴ ቀና አለ። «ትቆራርጣለች።»

ጠዋት ዜና ስታነብ ሰምቻታለሁ። አንድ ቃል አልጎደላትም።

ክቡርነታቸው ከፈቷት። ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ወጣ። ጆሯቸውን አስጠግተው ቆዩ፤ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«እውነትም ትቆራርጣለች። ጊዜ ትፈልጋለች።»

«ይዘሃት አትሄድም» አለ አባቴ። «ሌባ ነህ፣ አላምንህም። እዚሁ እየመጣህ ሥራት።»

«እሺ አባባ። እርስዎ ግን ይላጩ፤ እንዲህ ሆነው ያስፈሩኛል።»

«አንተን ብሎ ፈሪ!»

ክቡርነታቸው አልጋው ላይ ተቀምጠው ደህናዋን ሬዲዮ መፍታት ጀመሩ። ብሎኖቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንዳይጠፉ መዳፌን ዘርግቼ ተቀበልኩላቸው።