ይቺን ገደል ዞር ሲሉ ናት

መኪና ያለው ሰው መንገድ ሲያመለክታችሁ አትመኑት። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ደቂቃ ነው። «አስር ደቂቃ ናት እኮ!» ይላችሁና እናንተ በአዳማ የቀትር ፀሐይ፣ ዛፍ በሌለበት አስፋልት ዳር፣ ሸሚዛችሁ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ ከአንድ ሰዓት በላይ ስታዘግሙ ትውላላችሁ። ከተማችን ደግሞ በየዓመቱ እግሯን መዘርጋት ትወዳለች። ገበያው አንድ ጫፍ፣ የጡረታ ቢሮው ሌላ ጫፍ፣ ሆስፒታሉ ከሁለቱም ሸሽቶ። ባጃጅ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሳልፈልገው ጥሩንባውን እየነፋ ይከተለኛል፤ ስፈልገው «በዚያ በኩል አልሄድም» ይለኛል።

እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ዕድሜዬ ስለ እግር መንገድ ትንሽ የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በአገራችን «ቅርብ ነው» የሚለው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። እግረኛውም ይላል። ልዩነቱ ባለመኪናው «ቅርብ ነው» ሲል ስለ ራሱ መናገሩ ነው። የእኔ አገር እግረኛ «ቅርብ ነው» ሲል ስለ እናንተ ነው የሚናገረው፤ ልባችሁ እንዳይከዳችሁ፣ እግራችሁ እንዳይዝል ነው። ወሎ ውስጥ ለደከመ መንገደኛ «ሩቅ ነው» ማለት ውኃ ሲለምን እንደ መከልከል ይቆጠራል። ለእንግዳ ከሆነማ የባሰ ነው፤ «አትምጣብኝ» ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ወሎዋ ከተማ መካነ ሰላም መጥቶ ነበር። በላንድሮቨር ነው የመጣው።

ዘመኑ ያ የረሃብ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ወራት የቀራቸው ጊዜ። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ በከተማዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር ነበርኩ። ተማሪው በረሃብ ምክንያት ከክፍል እየቀረ ስላለቀ፣ የእጅ ጽሑፌም ያምራል ስለተባለ፣ የእርዳታ እህል መዝገብ ያዥ ሆንኩ። በጋውን እንደ ምንም ተንፏቆ የሚደርሰው የጭነት መኪና ስንዴውን ገበያው ዳር ካለው መጋዘን ያራግፋል። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ ሰው አለ።

ባለላንድሮቨሩ ሹም የመጡት ከደሴ ነው፤ ቅጽ ይዘው። ቅጹ ላይ ለየመንደሩ «ከመኪና መንገድ ያለው ርቀት» የሚል ዓምድ አለ። መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ቅርብ ወይም ሩቅ። «ሩቅ» ለተባለው መንደር እህሉ በበቅሎ ተጭኖ እዚያው ይወርድለታል። «ቅርብ» የተባለው ራሱ መጥቶ ይወስዳል። እንግዲህ የአንድ መንደር ሕይወት በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን የምናውቀው ሹሙና እኔ ነን። ለሚጠየቁት ሰዎች የነገራቸው አልነበረም።

ከወይራ አምባ የመጡት ሽማግሌ አያ ይመር ይባላሉ። ወይራ አምባ ከገደሉ ማዶ ያለች መንደር ናት፤ ከገበያው ዳር ሲቆሙ ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ማዶ ሰው ቢጣራ ድምፁ ይሰማል። መሄድ ሲጀምሩ ግን ቁልቁለቱ ግማሽ ቀን ይበላል፣ ወንዙ አለ፣ ከወንዙ በኋላ ሽቅብ ነው። አያ ይመር ሹሙን ደጅ ሊጠኑ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው አደግድገው ቆሙ።

ሹሙ በጣታቸው ወደ ማዶ አመለከቱ። «መንደርህ ያቺ ናት?»

«አዎን ጌታው፣ ያችውላ!»

«ሩቅ ናት?»

አያ ይመር ፊታቸው በራ። ትልቁ ሰው ሊመጡላቸው ነው! በዚያ በረሃብ ወራት፣ ምንም በሌለበት ቤት፣ እንግዳ «ቤትህ ሩቅ ነው ወይ» ብሎ ጠየቀ። ምን ሊሉ ኖሯል?

«ኧረ ቅርብ ናት ጌታው! ምን አላት! ይቺን ገደል ዞር ሲሉ ናት። ይምጡ ብቻ።»

ሹሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ። ቅርብ።»

እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። የዚያችን «ቅርብ» ትርጉም ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። «ጌታው፣ እሳቸው ቅርብ ሲሉ...» ብዬ ጀመርኩ። ሹሙ ሰዓታቸውን አዩ፤ ዝናብ ሳይዛቸው ደሴ መግባት ይፈልጋሉ። «አንተ ከባለቤቱ ይበልጥ ታውቃለህ? ደግሞስ ትታይ የለም እንዴ?» አሉኝ። እውነትም ትታያለች። በመኪና ለሚሄድ ሰው የታየ ሁሉ የተደረሰ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሬ መናገር እችል ነበር። ደመወዜን፣ ዕድሜዬን፣ የሹሙን ቁጣ አሰብኩና ዝም አልኩ። ባማረው የእጅ ጽሑፌ «ቅርብ» ብዬ ጻፍኩ። ሹሙ ላንድሮቨራቸው ውስጥ ገቡ፤ አያ ይመር አቧራውን ተከትለው እጅ ነሡ።

ከዚያ በኋላ የወይራ አምባ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ጠንካሮቹ መጡ። ቀጥሎ ጠንካሮቹም ደከሙ። ስንዴውን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ከሚሸከመው እየቆነጠረ ጥሬውን እየቆረጠመ ነው የሚሄደው፤ ቤት ሲደርስ የሚተርፈው ለቤቱ አይበቃም። በዚህ ላይ ሌላ መመሪያ መጣ፤ በአካል ያልቀረበ ሰው አይሰፈርለትም ተባለ። ማጭበርበር በዛ ተብሎ ነው። ቁጭ ብሎ መመሪያ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ የሚፈራው የሚራመደው ሰው እንዳያታልለው ነው።

አንድ ቀን አያ ይመር ብቻቸውን መጡ። ከሲታ ሆነዋል፤ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። የባለቤታቸውን የእቴ የሺን ድርሻ ጠየቁኝ።

«እሳቸውስ የታሉ?»

«ይዣት ወጥቼ ነበር ልጄ። በአካል ትምጣ አላችሁ፣ ይዣት ወጣሁ። ወንዙ ዳር ስንደርስ እግሯ እምቢ አለ። እዚያ ካለው ሾላ ሥር አስቀምጫት መጣሁ።» ስልቻቸውን እየዘረጉ ጨመሩ። «መንገድ ላይ ሦስቴ ጠየቀችኝ፣ ‹ሩቅ ነው እንዴ?› እያለች። ‹አብሽሪ የሺዬ፣ ቅርብ ነው› እላታለሁ። ቅርብ ነው ስላት ትነሣለች። እንደገና ትሄዳለች።»

አብሽር የምንላት ቃል ወሎ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚላት ናት፤ አይዞህ ማለት ናት። ሰው ምንም የሚሰጠው ነገር ሲያጣ የሚሰጣት ናት።

መመሪያውን ያን ቀን ጣስኩ። እቴ የሺ «በአካል ቀርባለች» ብዬ ጻፍኩና ሰፍሬ ሰጠኋቸው። እንድታመሰግኑኝ አይደለም የምነግራችሁ። ድፍረቴ የመጣችው «ቅርብ» የምትለዋ ቃል ከተጻፈች ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ድፍረቴም በእግሯ ነበር የምትመጣው መሰለኝ።

አያ ይመርን እንደገና ያየኋቸው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለ እቴ የሺ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስመለስ አልጠበቀችኝም። እዚያው ከሾላው ሥር ነው አፈር ያለበስኳት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳላደርሳት። ማን ተሸክሞ ያወጣታል?» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ትልቁ ሰው የጻፉት ምን ነበር? ለላይኞቹ መንደሮች በበቅሎ ሲወርድላቸው ለእኛ ለምን ቀረ?»

የጻፉት እሳቸው አልነበሩም። የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። «እኔ አላውቅም አያ ይመር» አልኳቸው። እስከ ዛሬ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይኸኛው ነው።

አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ ሹሙም የት እንደደረሱ አልታወቀም፤ ላንድሮቨራቸው ግን ተመልሳ መጣች። በሯ ላይ የነበረው ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተለቅልቆ አዲስ መፈክር ተጽፎበታል። ከውስጧ ካኪ የለበሰ ወጣት ካድሬ ወረደ። ስለ ሰፊው ሕዝብ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ቀጥሎ ቅጽ አወጣ። እስቲ ገምቱ ቅጹ ላይ ምን የሚል ዓምድ እንደነበረ።

አያ ይመር ከሕዝቡ መሐል ቆመዋል። ካድሬው ወደ ማዶ አመለከተ። «አባት፣ መንደርዎ ሩቅ ነው?»

ሽማግሌው ወደ ገደሉ ዝቅ ብለው፣ ሾላው ካለበት በኩል አዩ። በሕይወታቸው ለእንግዳ ብለውት የማያውቁትን ቃል አወጡት። «ሩቅ ነው ልጄ። እጅግ ሩቅ ነው።»

እኔ ደስ አለኝ። እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ በዚህኛው ቅጽስ በትክክል ልጽፍ ነው። ካድሬው ግን ከንፈሩን መጠጠ። «እንዲያ ከሆነማ መኪናችን አይደርስም። ለጊዜው ከመንገድ ዳር ያሉትን ነው የምናስቀድመው» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

አያችሁ? ቅርብ ስትሉ እናንተ ትሄዳላችሁ፤ ሩቅ ስትሉ እነሱ አይመጡም። ትክክለኛው መልስ የትኛው እንደነበር አስተማሪ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ላገኘው አልቻልኩም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ምያለሁ። መንገድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን እነግራለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ አዳማ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት የሐኪም ወረቀት በእጃቸው ይዘው አስቆሙኝ። «ሆስፒታሉ ሩቅ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ሩቅ ነው እናቴ» አልኳቸው። እንደሰደብኳቸው ሁሉ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ጥለውኝ ሄዱና ባንኩ በር ላይ የተቀመጠውን ዘበኛ ጠየቁት። «ቅርብ ነው እናቴ! ይቺን ሕንፃ ዞር ሲሉ ነው» አላቸው። ትከሻውን መታ መታ አድርገው መርቀውት፣ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው መንገዱን ተያያዙት።

ጥቂት ቆሜ አየኋቸውና ደርሼባቸው ፌስታላቸውን ተቀበልኳቸው። ጎን ለጎን ሄድን። ሕንፃውን ዞርን፤ ሌላ ሕንፃ አለ፤ እሱንም ዞርን። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ደከማቸው። ግድግዳ ተደግፈው ቆሙና ቀና ብለው አዩኝ።

«አልደረስንም እንዴ ልጄ?»

ሆስፒታሉ ገና አይታይም።

«አብሽሩ እናቴ» አልኳቸው። «ቅርብ ነው።»