ሙዝ ነቅዬ የተከልኩት ባዶ መሬት

ቁጭ በሉ እንጂ! ምን ያቁነጠንጣችኋል? አንቺ ሜሮን፣ የወንድሜ ልጅ፣ እስክሪብቶሽን ያዢ። አክስትሽ የምትልሽን ሳትቀንሺ ጻፊ። መጨመር ካማረሽ ጨምሪ።

ግቢያችን መኪና በፊቱ ይገባል፣ ውስጥ ይዞራል፣ በፊቱ ይወጣል። ምኑ ይገርማል አትበሉ። ሌላው ሰፈር እኮ አስፋልት ላይ የሚወጣው በሪቨርስ ነው! ድሮ ወደ ኋላ እየተራመዱ የሚወጡት ከንጉሥ ፊት ነበር። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ቁልቁል የሚበር፣ ሙዝ የጫነ አይሱዙ ንጉሥ ነው እንዴ?

አስፋልቱ ሲሰፋ ደጃችን ላይ ቦይ ተቆፈረ። መሐንዲሱ መጣና፣ ለአራት ቤት አንድ መሻገሪያ ነው፤ ግቢ ውስጥ የመኪና መዞሪያ ካልሰጣችሁ ግን እሱም የለም፣ በእግራችሁ ዝለሉ አለን። ጭቅጭቁን ምን ልንገራችሁ! በእኔ በር ይሁን፣ የለም በእኔ በር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እኛ አራት ድር ሆነን አንድ መሻገሪያ አቃተን። መሐንዲሱ ሰለቸው።

"ለመሆኑ መኪና ያለው ማነው?"

ለካ አንዳችንም የለንም! ጎረቤቴ ጋሽ ማዳ፣ የዶርዜው ሸማኔ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጄ፣ መኪናውስ ይመጣል። በር ካጣ በየት ይግባ?" አሉ።

ሰፊው ግቢ የእኔ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሙዜ ዞርኩ። ዘለላው ሊደርስ ነው እኮ! አስነቀልኩትና ቦታውን ለመዞሪያ ሰጠሁ። የባሌ እህት ከጨንቻ ወርዳ፣ "ሙዝ ነቅሎ ባዶ መሬት የሚተክል ሰው ዛሬ አየሁ" ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

በዓመቱ የጋሽ ማዳ ምራት ምጥ ጠናባት። አምቡላንሱ እስከ በራፏ ገባ፣ ሙዙ የነበረበት ላይ ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ አስፋልቱ አድርጎ እልም! እናትም ልጅም በሰላም ተመለሱ። ጋሽ ማዳ የሸመኑትን ወፍራም ቡልኮ አለበሱኝ፤ "አንቺ ሴትዮ፣ ባዶ መሬትሽ አፈራ" አሉኝ። በአርባ ምንጭ ሙቀት ቡልኮ! ላቤ እየተንቆረቆረ ሰፈሩን ዞርኩበት።

ታዲያ ሙዙ ሳለ ሌባዬ ጦጣ ነበር። ዛሬ ባዶውን መሬት የሚሰርቀኝ ባለመኪና ነው። "ትንሽ ላቁም" ይልና ይተኛል! ስለዚህ ሜሮን፣ ትምህርቱን ጻፊ፦ ሰው ለጎረቤቱ መሬት ሲሰጥ መጀመሪያ...

አቤት ጋሽ ማዳ! ምን? ፒካፕ? መሃሉ ላይ? ዓሣ እያራገፈ? ቁልፉን ተቀበሉት፣ መጣሁ! እኔ ያን ሙዝ የነቀልኩት እኮ ለመዞሪያ እንጂ ለ...