የሊቀ ጡንቻ ዝናቡ ትከሻ

ከኃጢአቱ የተመለሰ ሰው ጎረቤት አያስቸግርም፤ ንስሐውን ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ከበሽታው የተመለሰ ሰው ግን ጎረቤቱን ሳያሳምም አያርፍም። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰቆጣ ላይ ለደርቤ የደረሰው ክቡር አቶ ዝናቡ ነው። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው፤ ቁልቋል ደግሞ ፍየል እንጂ ወሬ አያግድም።

ዝናቡ ከጋይንት ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ከመጣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ በቀን ስድስት ሻይ፣ በአንዱ ሻይ አራት ማንኪያ ስኳር፣ ሲመሽ የአበርገሌ ፍየል ጥብስ እያለ ሃምሳን ደፈነ። ሆዱ ሲገፋ ማንም ምንም አላለውም። ለመንግሥት ሠራተኛ ሆድ የደረጃ እድገት ነው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀብር ላይ ነው። በእድሩ ሕግ ጤነኛ ወንድ ሁሉ በተራው ቃሬዛ ይሸከማል፤ ያረጀና የደከመ ድንኳን ይጠብቃል። ዝናቡ ተራው ደርሶ ትከሻውን ሰጠ። ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ቃሬዛው ተንጋደደ። ሟቹ ወርደው በእግራቸው ሊሄዱ ምንም አልቀራቸው። ለቀስተኛው ለቅሶውን አቋርጦ ዝናቡን ማየት ጀመረ።

የእድሩ ጸሐፊ ደርቤ ነው። በሳምንቱ የዝናቡን ስም ከተሸካሚዎቹ ሰርዞ ከድንኳን ጠባቂዎቹ ጋር፣ ከሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ ከአባ ምንዋጋው በታች ጻፈው።

«ደርቤ፣ እኔን ከአባ ምንዋጋው ጋር?»

«እሳቸውም ቅር ብሏቸዋል።»

ለአገሬው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይሆናል። ከሌላ አገር ለመጣ ግን ቃሬዛው መታወቂያው ነው። የአገሩን ሰው ያልተሸከመ፣ ሃያ ዓመት ቢኖርም እንግዳ ነው። ዝናቡ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ ምስራቅ ደሙን መርምራ «ጋሼ፣ ስኳር ገብቶብዎታል። መድኃኒቱን ይውሰዱ፣ አመጋገብዎን ያስተካክሉ፣ ክብደት እያነሡም ጡንቻዎን ያጠንክሩ» አለችው። እሷ የተናገረችው ለአንድ ሰው ነበር። እሱ ለዞኑ ሁሉ አዋጅ የወጣ መሰለው።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «ሊቀ ጡንቻ» ብሎ ሾመው። ጎህ ሲቀድ አሸዋ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች በአጣና አንጠልጥሎ ቁጭ ብድግ ይላል። ጮክ ብሎ ስለሚቆጥር የደርቤ ልጆች ቁጥር የተማሩት በአጥሩ ነው። የዝናቡ ሚስት ምንትዋብ የወፍጮዋ መጅ ሲጠፋባት ቀጥታ ጓሮ ትሄዳለች።

«መጁን አምጣው፣ ልፈጭበት ነው።»

«አሥር ቀርቶኛል።»

ምግቡንማ ተዉት። ሻዩ ያለ ስኳር፣ እንጀራው የማሽላ፣ አንዱ ኪሱ አሹቅ፣ አንዱ ኪሱ የተቀቀለ እንቁላል። ሰርግ ቤት ሲገባ ፊቱ ይጠቁራል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲቀርብ ግን ይበራል። «ይሄ ነው ምግብ» ይላል ለሐዘንተኛው፤ «እኛ እኮ ሰው ካልሞተብን በሥርዓት አንበላም።»

ዐቢይ ጾም ሲገባ የነፍስ አባቱን አባ ገብረ አምላክን ስለ እንቁላሉ ለመናቸው። «ለጡንቻ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ ሽምብራ ብላ። ጉልበት ካማረህ ደግሞ በቀን መቶ መቶ ስገድ።»

ሰገደ። በሳምንቱ ተመልሶ «አባቴ፣ ስግደት ለጭን ደህና ነው፤ ለትከሻ ግን ያንሰዋል» አላቸው። መስቀል አሳልመውት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደርቤን ያንገሸገሸው ግን አንዲት አባባሉ ናት። አጥር ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ «ደርቤ ወንድሜ፣ ጡንቻ ጡረታ ነው።» ከዚያ የቀበቶውን አዲስ ቀዳዳ ያሳያል። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ «አሁንስ ስሜን መልስ» አለው።

«ቀበቶ አይሸከምም» አለ ደርቤ።

ጥቅምት ላይ የደርቤ እናት እማማ ወለተ ሰንበት ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። መንደራቸው መኪና አይገባበትም፤ እስከ መንገዱ አራት ሰዓት ዳገት ነው። የመንደሩ ጎረምሳ ከፊሉ ጅዳ፣ ከፊሉ አዲስ አበባ ሄዶ የቀሩት ሦስት ናቸው፣ ደርቤ አራተኛ። ዝናቡ ሳይጠራ ተከተለ፣ እንቁላሉን ይዞ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሹ የተቆረጠው ደርቤ ነው። ቃሬዛው በእናቱ ራስጌ በኩል ተንጋደደ። ዝናቡ ከሥሩ ገብቶ ትከሻውን ሰጠ። ያን ጊዜ ሊል የሚችለው ብዙ ነበር። ስለ ድንኳኑ አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ቅቤ ግን ተናገረ።

«እማማ፣ ቅቤ ያበዙ ነበር መሰለኝ።»

«ላሚቱ ከነጠፈች ሦስት ዓመቷ፤ ቅቤ የት አይቼ?»

ሊቀ ጡንቻ አንድ ሙሉ ዳገት ዝም አለ። በሕይወቱ ረጅሙ ዝምታ ነበር። ጫፍ ላይ ሲደርሱ «እንቁላልስ?» አለ። እማማ በአገሬው አገውኛ፣ በኽምጣንጋ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ምርቃት መስሎት «አሜን» አለ፤ ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር። ሌሎቹ እየተቀያየሩ ሲያርፉ እሱ መኪናው ጋ እስኪደርሱ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወረ እንጂ አልለቀቀም።

እማማ እግራቸው በጄሶ ታስሮ ደርቤ ቤት ተኙ። «ያ ለፍላፊ አላስቸገረሽም?» አላቸው ደርቤ።

«አንተ ስትይዘኝ በቅሎ የጣለችኝ መሰለኝ። እሱ ሲይዘኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ለመጨረሻዬም እሱ ይያዘኝ። ያኔ ቢያወራም አልሰማው።»

ደርቤ መዝገቡን አውጥቶ ዝናቡን ከተሸካሚዎቹ አናት ላይ ጻፈ። ራሱን ደግሞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ከአባ ምንዋጋው በታች። አባ ምንዋጋው ይህን ሲሰሙ «ድንኳኑን የልጅ መዋያ አደረጉት» አሉ።

ዝናቡ አደራውን ሲሰማ ሰማይ ሰማዩን አየ፣ አፍንጫውን ጠረገ። ጄሶው ከተፈታ ወዲህ ግን በየማለዳው በቁልቋሉ ሽንቁር ይገባና እማማን እንቁላል አብልቶ፣ ከዱካዋ፣ ከአጭሯ በርጩማ ላይ፣ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ያሰኛቸዋል። ከዘራቸውን ከጣሉ ሰነበቱ። ትከሻው ለቀብራቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ እሱው ራሱ አላስሞት አላቸው።

ባለፈው ሳምንት ዘመድ ሊጠይቅ ጋይንት ሄደ። ማለዳ ደርቤ ነቃና አዳመጠ። አጥሩ ማዶ የሚቆጥር የለም። ዕረፍት ነው ብሎ ሊገላበጥ ሲል ከጓዳው የእናቱ ድምፅ መጣ፤ «አምስት... ስድስት... ሰባት...» ሰባት ላይ ቆመ። ደርቤ ትንሽ ጠበቀ።

«ስምንት በይ እንጂ» አለ፣ ከአልጋው እየወረደ። «ጡንቻ ጡረታ ነው።»