ለእናቴ የተነሣሁት ፎቶ

ሃምሳን የተሻገረ ወንድ አንድ ዓይነት እብደት ሳይነካው አይቀርም። አንዱን ሁለተኛ ሚስት ያምረዋል፤ ሌላው ጢሙን ሒና መቀባት ይጀምራል፤ የሠፈራችን አንድ ጎልማሳማ በዚያ ዕድሜው ዋና ልማር ብሎ ቀይ ባሕር ገብቶ በሰው ሸክም ነው የወጣው። ታዲያ እኔ ካሜራ ብገዛ ምን ይገርማል? ባለቤቴን ራህመትን ግን ገረማት። ዕቃውን አገላብጣ አየችውና፣ ሁለተኛ ሚስት ብታመጣ እኮ ቢያንስ ልብስ ታግዘኝ ነበር አለችኝ።

ሥራዬ ጅዳ፣ ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዥና የመጋዘን ሠፈር፣ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ፊልትሮና ካንዴላ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፤ መካኒኮቹ ይሄ አይደለም ሲሉኝ መልሼ እሰቅላለሁ። ወገብ የሚባለው ነገር እንዳለኝ ያወቅሁት እዚያ ነው። ከወሎ የወጣሁት ደርግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ምን አድርገህ ወጣህ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። በዚያን ጊዜ ምንም አለማድረግም ያስጠይቅ ነበር። ስምህ ቀበሌ ዘንድ በክፉ ተነሥቷል ሲሉኝ እናቴን ሳልሰናበት ባሕሩን ተሻገርሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ አገር መመለስ ለእኔ የማይታሰብ ሆነ።

እንግዲህ እንዲህ የደከመው ሰው በካሜራ ቀዳዳ አንድ ጊዜ ካየ አለቀለት። በዚያች ቀዳዳ ስትታይ ዓለም ታንሳለች፤ ጩኸቷን ትቀንሳለች። ከፊሌ እንኳ፣ ያ ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃዴን በመሳቢያው ቆልፎ የያዘው አሠሪ ጌታዬ፣ በቀዳዳዋ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። ይኼ መድኃኒት ካልሆነ መድኃኒት ምንድን ነው?

የምኖረው ሩዋይስ በሚባለው የጅዳ ሠፈር ነበር። አርብ አርብ ከጁምዓ መልስ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ። እኔ የምፈልገው ብርሃን ነው፤ በአሮጌ ቤቶች የእንጨት መስኮት ላይ የሚያርፈውን የከሰዓት ብርሃን። የአገሬ ልጆች የሚፈልጉት ግን መኪና ነው። አንዱ የጎረቤቱን ሰዓት አስሮ፣ የሌላውን ኮት ደርቦ፣ በዚያ ሙቀት ኮት!፣ የማያውቀውን ሰው መኪና ተደግፎ ይቆምና፣ ጋሼ ይመር፣ ጎማው እንዲታይ አድርገህ አንሣኝ ይለኛል። ፊትህን ጥላ ጋርዶታልና ወዲህ ዙር ብለው አንዱ ምን አለኝ መሰላችሁ? ፊቴንማ እናቴ ታውቀዋለች፤ የማታውቀው መኪናውን ነው አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስለ ጥበብ ምን ይወራል?

አንድ ዓመት በሐጅ ወቅት፣ ታላቅ እህቴ ጦይባ ከአገር ከሚመጡት ጥቂት ሑጃጆች መሐል መሆኗን ሰማሁ። በዚያ ዘመን ለሐጅ መውጫ ፈቃድ ማግኘት እንደ ተአምር ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን ደስ ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የእህቴ ፊት ከመስኮት በሚገባ ብርሃን። የዕድሜዬን ታላቅ ሥራ የምሠራው በእሷ ነው ብዬ ወሰንሁ። ለእናታችን የምትወስድልኝ ፎቶም አሳጠብሁ፤ ቤታችንን፣ ባሕሩን፣ ራህመትንና ልጆቹን፣ ሁሉንም በትልቅ በትልቁ። ራህመት ፎቶዎቹን በፖስታ እያደረገች፣ እባክህ እዚያ ስትደርስ ይኼን ነገር ትተህ ከእህትህ ጋር ተጫወት አለችኝ። ሰምቼያት ነበር። መስማትማ እሰማለሁ።

ሐጁ እንዳለቀ መካ ወጣሁ። ጦይባ ያረፈችው ዓዚዚያ በሚባል ሠፈር፣ ሰው ቤት ነበር። ባለቤቱ አያቱ ከኛው አገር መጥተው እዚያው የቀሩ የመካ ሰው ነው፤ አማርኛው ጥቂት፣ ደግነቱ ብዙ። የእንግዳ መቀበያውን መጅሊስ ለቀቀልንና ካሜራውን በሐረሙ መስጊድ አካባቢ እንዳላወጣ አስጠንቅቆኝ ሄደ። እህቴ ገባች። ያን ሁሉ ዓመት ያልተቃቀፍነውን ተቃቀፍን። አለቀስን። ለቅሶው ረገብ ሲል እኔ ካሜራዬን አወጣሁ።

ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ አልኋት። አገጭሽን ቀና። ሻሽሽን ትንሽ ወደ ኋላ። እንደሱ አይደለም፣ ቅድም እንደነበርሽው። ጦይባ እግሯ በሐጁ እንደ ገንፎ ተነፍቶ፣ ምስኪን፣ መጀመሪያ ዝም ብላ ታዘዘችኝ። ቀጥላ ፎቶ ሐራም ነው የሚሉ አሉ እኮ አለች። እኔ ግን ከእንግዲህ ብርሃኑ ይሄድብኛል ብዬ ተጣድፌያለሁ። በመጨረሻ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ጮኸች።

«አንተ ይመር! ይኼን ብረት ከፊትህ ላይ አታወርደውም? እኔ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ብረት ላይ ነው?»

«ለእማ ነው እኮ እትዬ» አልሁ፣ ዓይኔን ከቀዳዳዋ ሳላነሣ። «እንድታይሽ። እኛንም እንድታየን።»

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። «እማ አታይም» አለች።

ካሜራውን ያን ጊዜ አወረድሁት።

«ዓይኗ ከጠፋ ቆየ። ሰው አገር ሆነህ እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልነገርንህ። ስነሣ እጄን ይዛ ‹በደንብ አድርገሽ እይውና መጥተሽ ንገሪኝ› ብላኛለች። እኔ የተላክሁት ላይህ ነው። በል ቁጭ በል፣ ልይህ።»

ተቀመጥሁ። አየችኝ። እናንተዬ፣ ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ሽበቴን በጣቷ ገለጠችው። አፍህን ክፈት ብላ የወለቀውን ጥርሴን አየች። በጋራዥ ብረት የተተለተለ እጄን አገላበጠች፣ ሆዴን መታ መታ አደረገች፣ ቆመህ ሂድ አለችኝና እንዴት እንደምራመድ አየች፤ ማንከስ ጀምረሃል እንዴ አለች። ወገቤ ነው አልኋት። ቀጥላ አሁን ሳቅ አለችኝ። እንዴት ተደርጎ ይሳቃል? የሩዋይስን ሰው ሁሉ በየአርቡ ሳቅ ሳቅ እያልሁ ሳደክም፣ እንዲህ የሚከብድ መሆኑን የነገረኝ የለም። አልሆነልኝም።

«እንግዲያው ሳቅ ትቷል ብዬ እነግራታለሁ» አለች።

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሁለታችንም ከሳቁ ወደ ቀድሞው ለቅሷችን ተመለስን። ያን ከሰዓት መስኮቱ ላይ ምን ብርሃን እንደነበረ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ጅዳ ተመልሼ ፊልሙን አሳጠብሁ። በሁሉም ላይ ጦይባ እጇን ዘርግታ ትቆጣለች። የዕድሜዬ ታላቅ ሥራ የእህቴ መዳፍ ሆኖ ወጣ። እኔም ካሜራውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልሁት። ዓይኗ ለጠፋ እናት ልጅ ፎቶ አንሺ መሆን ምን የሚሉት ዕጣ ነው?  ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራውን አቧራ ይቅመው ጀመር።

ከወራት በኋላ፣ አየር መንገድ የሚሠራ አንድ የአገር ልጅ ከእናቴ የተላከ ካሴት አመጣልኝ። ከራህመት ጋር ተቀምጠን ከፈትነው። ድምፅዋ ትንሽ ሰለል ከማለቱ በቀር ያው ነው። ሆድ አወጣህ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትበላለህ ማለት ነው አለች። ጥርስህን ግን ምን በላብህ አለች። ወገብህን በወይራ ቅጠል እጠነው አለች፤ ጅዳ ላይ የወይራ ቅጠል ከየት እንደማመጣ አልተናገረችም። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ፎቶ አንሺ ሆነሃል አለችኝ ጦይባ። በላክህልኝ ውስጥ ግን አንተ የለህበትም አሉ። ታዲያ የራስህን ላክልኛ። ምን ታደርግልሻለች እንዳትል። ሴቶቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሰው አገር ያሉ ልጆቻቸውን ፎቶ ያስነኩኛል። እኔ አውጥቼ የማሳያቸው የለኝም።»

ካሴቱ ቆመ። 

የራሴ ፎቶ አንድም አልነበረኝም። ከየት ይምጣ? ሁልጊዜ ካሜራውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ራህመትን እስኪ አንሺኝ ብላት፣ ጣውንቴን በእጄ አልነካም ብላ ማለች። የሩዋይስ ስመ ጥር ፎቶ አንሺ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ የመን ተወላጅ ወደ ከፈተው የሠፈሩ ፎቶ ቤት ሄደ።

ሰውዬው ለኢቃማ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለእናቴ ነው አልሁት። በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ፤ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል፣ አገጭህን ቀና፣ እንደሱ አይደለም አለኝ። እኔም እግሬ አብጦ እንደሆን ሳይጠይቀኝ ታዘዝሁት። ፍላሹን ሲያዘጋጅ እየተበሳጨ፣ ያላ፣ ዓይንህን ክፈት እንጂ፣ እናትህ ናት እኮ የምታይህ ብሎ ጮኸብኝ። የፍላሹ ብልጭታ ይሁን የአነጋገሩ፣ አላውቅም፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኔን ጨፈንሁ።

ፎቶው ታጥቦ ሲደርስ፣ ያ የአየር መንገዱ ሰው ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ ይጠብቀኛል። እንደገና ለመነሣት ጊዜ የለም። ደረቴ ነፋ ብሏል፣ ሸሚዜ ተተኩሷል፣ ዓይኔ ግን እንደተኛ ሰው ግጥም ብሏል። ኸላስ፣ ምን ይደረግ? ላክሁት። ያን ሰሞን ሁሉ የእናቴ ጎረቤቶች በሬሳ ፎቶዬ ሲሳሳቁ እየታየኝ ተሸማቅቄ ከረምሁ።

ቀጣዩ ካሴት ሲመጣ ለመክፈት ፈራሁ፤ ራህመት ናት የከፈተችው። እናቴ ገና ከሰላምታው ጀምራ ድምፅዋ ይስቃል። ፎቶህ ደረሰልኝ አለች። ሴቶቹ ተሰብስበው እየተቀባበሉ አዩት፤ እኔም በእጄ ይዤው ሲያወሩ ሰማሁ አለች።

«ታዲያ ሁሉም በአንድ አፍ ምን አሉኝ መሰለህ ልጄ? ‹ዓይኑማ ቁርጥ የአባቱ ዓይን ነው!›»