ዜና ጋሽ ጉግሳ ምስለ ቆጣሪ ዘአልቦ ገመድ

ዘመነ ግምገማ አልፎ፣ ዘመነ ቢፒአርም በወንበርና በጠረጴዛ ሽግሽግ ተፈጽሞ፣ ዘመነ ጥልቅ ተሃድሶ በነገሠ በመጀመሪያው ክረምት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ፀሐይ ከቦንጋ ሰማይ ያለ ፈቃድ በቀረችበት ሰሞን፣ ጉልላተ ሠፈር፣ ዐምደ ዕድር፣ የቀድሞው የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ የአንድ ለአምስታችን ሊቀ መንበር ጋሽ ጉግሳ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤት ስልክ ደውለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ቆጣሪያችን ሌሊትና ቀን ያነባል” ብለው ቢያውጁ፣ ከወዲያ ያለችው ልጅ “እግዚአብሔር ይመስገን! የእናንተም ሠፈር ጀመረ ማለት ነው” ብላ ዘጋችባቸው።

ዳግመኛም ደውለው “ዝም ብሎ ያነባል እኮ!” ቢሉ፣ “አዎ ጋሼ፣ አዲሱ ማንም ሳይነካው ያነባል” ተባሉ።

ይህ አለመግባባት ከየት እንደ መጣ ለትውልድ ይጻፍ ዘንድ ይገባል። ጋሽ ጉግሳ እንደ እኛ እንደ ተራዎቹ “ያፈሳል”፣ “ያንጠባጥባል” የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ እንዲያውም ጣራቸው ሲያፈስ “ሰማይ ጎበኘን” ይላሉ። እናም በአዲሱ ቆጣሪ መስኮት ላይ የእንባ ዘለላ የመሰለች ሥዕል ብልጭ ድርግም ስትል ባዩ ጊዜ “ያነባል” አሉ፤ እንባ ማለታቸው ነው። ልጅቱ ደግሞ አዲሱ ቆጣሪ ራሱን በራሱ ያነባል ተብላ የሠለጠነች ናትና ንባብ መሰላት። ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ ውኃው ግን ይሄድ ነበር።

በቀድሞው መዋዕል ቆጣሪ የሚያነብልን ነቢዩ የሚባል ሰው ነበር። እየመጣ፣ የጉድጓዱን ክዳን እያነሣ፣ እንቁራሪቷን ይቅርታ ጠይቆ እያስወጣ፣ አንገቱን ሰዶ ቁጥሩን ይጮህልን ነበር። ገመድ አልባው ቆጣሪ ከመጣ ወዲህ ግን ነቢዩ ከባጃጅ ሳይወርድ፣ መሣሪያውን በደረቱ ይዞ እያለፈ፣ የማይታየውን ያነብ ጀመር። ስምና ግብር ተገናኙ፤ እንቁራሪቷም ዐረፈች።

አዲሱ ቆጣሪ በጋሽ ጉግሳ ደጅ በተተከለ ዕለት ታላቅ ንግግር ሆነ። ጋሽ ጉግሳ ድንጋይ ላይ ወጥተው፣ “ይህ ቆጣሪ ገመድ አልባ ነውና፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ገመድ የሚባል እንዳይታይ!” ብለው አዋጅ አስነገሩ። የባለቤታቸው የእትዬ አበዛሽ የልብስ ማስጫ ገመድም በዚያው ሰዓት ተፈታ፤ ልብሱም በየወንበሩ ተሰጣ፤ በቦንጋ ነሐሴ ወንበር ላይ የተሰጣ ልብስ መቼ እንደሚደርቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አዋጁ ሲነገር ግን ቆጣሪውን የሚገጥሙት ሠራተኞች እርስ በርሳቸው “ሊክ እንዳያደርግ ጠበቅ አድርገው” ይባባሉ ነበርና፣ የተቀቀለ በቆሎ ይዘውላቸው የቀረቡት እትዬ አበዛሽ ሊክ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። “ውኃ ሲሾልክ ነው እትዬ” አሏቸው። ይህንም ቃል በልባቸው ይጠብቁት ነበር።

ወእምዝ ጋሽ ጉግሳ፣ ገመዱ ተፈትቶ ቋሚው እንጨት መቅረቱ አዋጁን ያስንቃል ብለው፣ ድጅኖ አንሥተው በገዛ እጃቸው እንጨቱን ሊነቅሉ ዘመቱ። መሬቱን ወጉ፤ ድጅኖውም አንድ ጠጣር ነገር አግኝቶ ቀጭ አለ። “ድንጋይ ነው!” ብለው አወጁ። እንጨቱ ተነቀለ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ ድሉም ተወራ። ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው የውኃ ቧንቧ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ቢጠየቁም ድንጋይ ነው ብለዋል።

በነጋታው ቆጣሪው ያነባ ጀመር።

ከተነቀለው እንጨት በታች፣ በእንሰቱ ጥግ፣ የእትዬ አበዛሽ የቆጮ ጉድጓድ ነበረ። ይህን ቆጮ ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ደቦ ወጥተው ፍቀው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቀብረውታል፤ ልጃቸው ዕፀገነት ከአማቾቿ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመስቀል ስትመጣ ይወጣል ተብሎ። እትዬ አበዛሽ የጉድጓዱን አፍ በእጃቸው ዳስሰው፣ ከማድ ቤት ደጃፍ ቆመው፣ ሠፈሩ እስኪሰማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ “የዕፀገነት አባት! እዚህ ጋ መሬቱ ከሥር ይረጥባል! ውኃ ከገባበት ለአማቾቿ ጭቃ ነው የማቀርበው!”

ጋሽ ጉግሳም ከበረንዳ ሆነው አጸፋ አዋጅ ሰጡ፦ “በቦንጋ ነሐሴ ያልረጠበ መሬት ያገኘ ይዞልኝ ይምጣ፣ እሸልመዋለሁ!” የመጣ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነው ዘመቻው የታወጀ። “ስልክ የናቀን፣ ባጃጅ አይንቀንም! ነቢዩ በሚያልፍበት መንገድ ወጥተን ቆጣሪው ስለ ምን እንደሚያነባ እንጠይቀዋለን!” ተባለ። የልማት ሠራዊቱም ከያለበት ተጠራ። ከቀኝ የዕድሩ ዳኛ ጃንጥላ ይዘው ወጡ፤ ጃንጥላው በአንድ በኩል ክንፉ የተሰበረ ነውና ዝናቡን ለጎረቤት ያካፍል ነበር። ከግራ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የጂኦግራፊ መምህር፣ ጭቃው የት እንደሚያልቅ ካርታ ላይ ፈልጎ ያጣው፣ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተለ። ከኋላ የሙሉ ወንጌሉ ዘማሪ ሜጋፎኑን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። እኔም የጋሽ ጉግሳን መቀመጫ ዱካ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ጀግና ቆሞ አይጠብቅምና። ከሁላችን ኋላ የእትዬ አበዛሽ ዶሮ ነበረች፤ እሷ ለምን እንደ ወጣች እስከ ዛሬ አልተገለጠም።

እትዬ አበዛሽ ግን አልዘመቱም። አካፋ እያነሡ ነበር።

በመስቀለኛው መንገድ ሠራዊቱ ተሰለፈ፣ ጋሽ ጉግሳ በዱካቸው ላይ ነገሡ፣ የነቢዩም ባጃጅ ጭቃ እየረጨ ደረሰ። ዘማሪው በሜጋፎኑ “ቁም!” ብሎ አወጀ፤ ባጃጁ ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም፣ ከጠፋ አይነሣምና። ነቢዩም አልወረደም፤ መውረድ በአዲሱ አሠራር ቀርቷል። ጋሽ ጉግሳ ተነሥተው “በመሣሪያህ ስለ እኛ የተጻፈውን ንገረን!” አሉ። ነቢዩ መሣሪያውን ከደረቱ አውጥቶ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲህ ሲል ጮኸ፦ “ጋሽ ጉግሳ! በስምዎ ትይዩ ሊክ ይላል! ሊክ! ቶሎ ይታይ!”

ባጃጁም ሄደ።

ሠራዊቱ በአንድ ጆሮ ሰማ፤ የሰማውም ሊቅ የሚል ነበር። የዕድሩ ዳኛ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። መምህሩ “እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ መንግሥት አንድ ቀን ሊቅ አላለኝም” ብሎ አዘነ፤ ቢሆንም አጨበጨበ። ዘማሪው በሜጋፎኑ ሃሌ ሉያ አለ። “ቶሎ ይታይ” የተባለውም ሹመቱ ለበላይ አካል ቀርቦ ይጽደቅ ማለት ነው ተብሎ ተተረጎመ። ጋሽ ጉግሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በዚያች ሰዓት ቆጣሪውና ባለቤቱ አብረው አነቡ። “እንግዲህ ያነባ የነበረው ስለ እኔ ደስታ ነበር” ብለው ለራሳቸው አወጁ።

አመላለሱ እንደ ንጉሥ አመላለስ ነበር። ዱካው ከፊት፣ ጃንጥላው ከላይ፣ ዶሮዋ ከኋላ። በየአጥሩ ሰው ወጥቶ “ምንድን ነው?” ሲል፣ “ጋሽ ጉግሳ ሊቅ ሆኑ!” ይባላል፤ “አዬ፣ እስከ ዛሬስ ምን ነበሩ?” የሚልም አልጠፋ። ኦ ጉግሳ! ከቢታ ገነት እስከ ደካ አቻ የሌለህ፣ ገመድን ከግቢህ ያጠፋህ፣ ድንጋይን በድጅኖ የወጋህ፣ ሰማይ ሲጎበኝህ ያልሸሸህ፣ ውኃ በስውር ያገነነህ፣ መሣሪያ ያለ ገመድ የመሰከረልህ፣ ሊቀ መንበር ሳለህ መንበሩ ተነሥቶልህ ሊቅ ብቻ የሆንህ! ስምህ በየቧንቧው ይፍሰስ!

በደጃቸውም ደርሰው፣ ዱካው ላይ ወጥተው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ “አዋጅ፣ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ስማችን ሊቅ ጉግሳ ነው! ሊቁ ወደ ቤታቸው ሊገቡ ነውና ቤተሰብ ወጥቶ ይቀበል!”

ከእንሰቱ ጥግ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጭቃ የተለወሰ፣ የራሰ የእንሰት ቅጠል የያዙ እትዬ አበዛሽ ቀና አሉ።

“ሊኩማ ቀድሞዎት ገብቷል፣ የዕፀገነት አባት። ቆጮው ውስጥ ቁጭ ብሏል።”